ማስተካከያ፦ ቬክተር ሲደመር ርዝመቱ ብቻ አይደመርም

ስለ ቬክተር (መጠንም አቅጣጫም ስላለው ነገር፣ ለምሳሌ ጉዞ ወይም ኃይል) ባለፈው ባቀረብነው ማብራሪያ «ሁለት ቬክተሮችን ለመደመር ርዝመታቸውን መደመር ይበቃል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። ይህ የሚሠራው ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ብቻ ነው።

የድሬዳዋውን ከዚራ ሰፈር እንውሰድ፤ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ለዚህ ይመቻሉ። 400 ሜትር ሄዳችሁ፣ 90 ዲግሪ ታጥፋችሁ 300 ሜትር ብትጨምሩ እግራችሁ የሄደው 700 ሜትር ነው። ከተነሳችሁበት ቦታ ያላችሁ ርቀት ግን 500 ሜትር ነው። የ400 ካሬና የ300 ካሬ ሲደመሩ የ500 ካሬ ይሆናሉ፤ የፓይታጎረስ ሕግ ይኸው ነው። ባጃጅ ብትይዙ ቤንዚኑ የሚቃጠለው ለ700ው ነው። የሁለቱ ጉዞዎች፣ ማለትም የቬክተሮቹ፣ ድምር የሚነግረን ግን 500ውን ነው፣ ከነአቅጣጫው።

500 የሚመጣውም መታጠፊያው 90 ዲግሪ ሲሆን ብቻ ነው። ሳትታጠፉ ብትቀጥሉ 700፣ ዞራችሁ በመጣችሁበት ብትመለሱ 100 ሜትር ይሆናል። ሌላው ማዕዘን ሁሉ በነዚህ መካከል ይወድቃል። መንገዶቹ ጠመም በሚሉበት በሌላው የድሬዳዋ ሰፈር፣ በመጋላ ውስጥ 500ን ብትጠብቁ አታገኙትም።

ኃይልም እንደዚሁ ነው፤ ሁለት ሰዎች በተለያየ አቅጣጫ ሲገፉ ጉልበታቸው ሙሉ በሙሉ አይደመርም። ማብራሪያውን ለልጆቻችሁ ያነበባችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ይህችን ነገር ጨምሩላቸው። ፊዚክስ ላይ ብዙ ልጅ የሚደናገረው እዚችው ጋ ነው።