በራስ መረብ ላይ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ በራሱ ቡድን ላይ ጎል አገባ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ፍራንክፈርት አቅራቢያ ባለች ትንሽ ከተማ ለሰፈሩ የልጆች ቡድን ግራ ተመላላሽ ሆኖ ይጫወታል። ኳሷ ከማዕዘን ተሻማች፣ ጉልበቱን ነካችና ገባች። አለቀ። 1 ለ 0 ተሸነፉ።

እኔ ያደግኩበት ሰፈር ቢሆን ኖሮ ገና መረቡን ሳትነካ "ስንት በሉህ?" ይባላል። መረብ እንኳ አልነበረንም፤ ሁለት ድንጋይ ነው። እኔ ራሴ አንዴ እንዲሁ አግብቼ ክረምቱን ሙሉ "የታች ሰፈር ሰላይ" ስባል ከርሜያለሁ። የኳሷ ባለቤት ደግሞ መስከረም እስኪጠባ አላስገባኝም። እዚህ ግን አሰልጣኙ ፀጉሩን ዳበሰው። የተቃራኒው ቡድን በረኛ ሳይቀር መጥቶ አቀፈው። ወላጆች አጨበጨቡ። እኔ ምን እንደማደርግ ግራ ገብቶኝ እኔም አጨበጨብኩ። ልጁን ጭብጨባው ይባስ አሳፈረው መሰለኝ፣ መኪና ውስጥ እንደገባ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ያባበለው ቦስኒያዊው ጎረቤታችን ነው። በር ላይ አገኘን። ምን ሆኖ ነው አለኝ፣ ነገርኩት። ሳቀ። ከዚያ ወደ ልጁ ጎንበስ ብሎ፦

"በስንተኛው ደቂቃ?"

"በሃያኛው።"

"በሃያ? ዘግይተሃል! የኛ ልጅ በሁለት ደቂቃ ነው ያገባው። ያውም ማራካና ስታዲየም ላይ። ና ግባ፣ ላሳይህ።"

ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮውን ከፈተ። እ.ኤ.አ. 2014፣ ሰኔ፣ ብራዚል። ቦስኒያና ሄርዞጎቪና ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ የመጀመሪያዋ የዓለም ዋንጫ ጨዋታ። ተጋጣሚዋ አርጀንቲና። ሜሲ ከግራ በኩል ቅጣት ምት አሻማ፣ ሮሆ በጭንቅላቱ ነካ አደረጋት፣ ኳሷ የግራ ተከላካዩን እግር መታችና ከበረኛው ቤጎቪች ጎን አልፋ ገባች። ሁለት ደቂቃ ከስምንት ሰከንድ። በዓለም ዋንጫ ታሪክ ፈጣኑ በራስ ላይ የተቆጠረ ጎል። ተከላካዩ ሴያድ ኮላሺናትስ ነው። ያኔ ሃያ አንድ ዓመት ሊሞላው አምስት ቀን ቀርቶታል።

አዎ፣ የአርሰናሉ። አዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ "ኮላሲናክ" እየተባለ ስንት ጊዜ ስሙ ተጠርቷል። ጎረቤቴ መጨረሻው "ትስ" ነው ብሎ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። የኔን ስም በስምንት ዓመት አንዴም አስተካክሎ ጠርቶት አያውቅም፣ ይሁን።

ልጄ ቪዲዮውን አራት ጊዜ አየው። በአራተኛው ፈገግ አለ። እኔን የነካኝ ግን ቪዲዮው አይደለም። ሰውየው ሲያወራ "የኛ ልጅ" ማለቱ ነው። አገሩ ስንት ዓመት የጠበቀችውን ቀን በሁለት ደቂቃ ያበላሸባትን ሰው፣ ልክ ማድጋ እንደሰበረ የእህቱ ልጅ ነው የሚያወራለት።

ከዚያ ቡና አፈላ። ለማያውቅ፣ ቦስኒያዎች በቡና አይቀለድባቸውም። ከመዳብ የተሠራች ባለ እጀታ ማፍያ አላቸው። ቡናው ከነአተላው እጀታ በሌላት ትንሽ ስኒ ይቀዳል፣ ስኳሩን እንክብሉን በጥርሳቸው ይዘው ይጠጣሉ። ስኒዋን አነሳና "ፊልጃን" አለኝ። "ፍንጃል!" አልኩት። ተያየን። አያቴ ፍንጃል ነበር የምትለው። ጀርመኖቹ መሀል ተቀምጠን ስኒ ላይ ዘመድ ሆንን። ሁለተኛ ዙር የለም እንጂ፣ በረካም ቢሉት ደስ ይለኝ ነበር።

የኮላሺናትስን ነገር ያን ቀን ነው በደንብ የሰማሁት። ቦስኒያ አይደለም የተወለደው። ካርልስሩኸ ነው፣ ከኛ ከተማ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። እ.ኤ.አ. 1993፣ ጦርነቱ አገሪቱን ሲበላ በነበረበት ዓመት። ኳስ የተማረው እዚሁ ነው፤ ካርልስሩኸ፣ ሆፈንሃይም፣ ሽቱትጋርት፣ ከዚያ ሻልከ። ለጀርመን የወጣት ቡድኖች ተሰልፏል። አፉን የፈታው በምንም ይሁን፣ እግሩን የፈታው በጀርመንኛ ነው ማለት ይቻላል። በሃያ ዓመቱ ግን የወላጆቹን ማሊያ መረጠ።

መጀመሪያ የተሰለፈበት ጨዋታ ደግሞ ዋና ከተማዋ ሳራዬቮ አልነበረም። አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ነው። ኅዳር 18፣ 2013፣ በፈረንጅ፤ ቀኖቹን ሁሉ እንደሱ ነው የምቆጥረው። እዚያም ከአርጀንቲና ጋር። ለምን ሴንት ሉዊስ? በጦርነቱ የተሰደደ ቦስኒያዊ እንደ ጉድ የሰፈረበት ከተማ ስለሆነ። ቡድኑ ስደተኛውን ፍለጋ ሄደ። የኛም ዳያስፖራ በየዓመቱ አሜሪካ ውስጥ ለኳስ ይሰባሰባል፣ አልክድም። ግን ከሜዳው ክትፎው ጋ ያለው ሰልፍ ይረዝማል፤ ለብሔራዊ ቡድን የሚበቃ ልጅ እዚያ ቢኖር እንኳ ሥጋው ጭስ ውስጥ የሚያየው የለም።

ቀኑን ስሰማ ግን ሌላ ነገር ወጋኝ። ኅዳር 18፣ 2013። እኛ ካላባር ላይ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ከዓለም ዋንጫ የቀረነው ኅዳር 16 ነው። ሁለት ቀን! ጥቅምት 13 አዲስ አበባ ስታዲየም የሆነውን የማያስታውስ አለ? ሳላዲን የመታት ኳስ መስመሩን አልፋ "አላለፈችም" የተባለች ዕለት። በኃይሉ አሰፋ አግብቶ አገር ሲናወጥ፣ የናይጄሪያው ኤሜኒኬ ሁለቱን አግብቶ አፋችንን ያስያዘን። ከዚያ በሁለተኛው ቀን ቦስኒያ ሊቱዌኒያ ላይ 1 ለ 0 አሸንፋ አለፈች። ሳራዬቮ አደረች በጭፈራ። እኔ ያን ሰሞን ዜና አልከፍትም ነበር።

ይሄን ስነግረው ጎረቤቴ ስኒውን ጠረጴዛው ላይ ቸብ አደረገው። "ናይጄሪያ?" አለ። ለካ እነሱንም ብራዚል ላይ ያስወጣቻቸው ናይጄሪያ ናት። አጥቂያቸው ጄኮ ያገባት ጎል ከጨዋታ ውጪ ተብላ ተሻረች፣ ሲደገም ትክክለኛ ጎል ነበረች፤ 1 ለ 0 ተሸነፉ። አሥር ደቂቃ ያህል በሁለት ዳኛ ላይ በየተራ አወረድነው። እንዲህ ተግባብተን አናውቅም።

ፌዴሬሽኑም ያው ነው። የነሱ እ.ኤ.አ. በ2011 በፊፋ ታግዷል። ምክንያቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሦስት ፕሬዚዳንት ነበረው፣ ለቦስኒያኩ (ለሙስሊሙ ማለት ነው) አንድ፣ ለሰርቡ አንድ፣ ለክሮአቱ አንድ። ፊፋ አንድ አድርጉት አለ፣ አንሆንም አሉ፣ ታገዱ። ኢቪትሳ ኦሲም የሚባሉ የተከበሩ የቀድሞ አሰልጣኝ ፊፋ የሰየመውን ኮሚቴ ይዘው ወዲያ ወዲህ ብለው በሁለት ወር አስፈቱት። እኛም በ2008 ታግደን ከ2010 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተባረናል። እና ጎረቤቴ አገሩን አያሳምርም። እዚያው ቦስኒያ ውስጥ፣ ዜኒካ የተወለደው ዴያን ሎቭረን ለክሮሺያ፣ ባንያ ሉካ የተወለደው ኔቨን ሱቦቲች ለሰርቢያ ነው የተጫወቱት፤ ሁለቱም ተከላካዮች። ሰርብ የሚበዛባት ባንያ ሉካ ብትሄድ በኛ ቡድን ጎል የማይጨፍር ሞልቷል አለኝ። ይሄን ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ። እኔም ዝቅ አደረግሁ። ምን እንደሚል አውቃለኋ።

ግን ይኼው ነው የገረመኝ። እንዲህ የተከፋፈለ አገር፣ ውጭ የተወለደ ልጅ በመጀመሪያ ቀኑ በራሱ ላይ አገባ፣ "ጀርመን ልኮት ነው" ያለው የለም ይለኛል። ጭራሽ ተወደደ። እኛ ጋ ቢሆን? ዳያስፖራ ሰርግ ላይ እስክስታ ቢስት እንኳ "ሆን ብሎ ነው" ይባላል። አማርኛው ላይ ትንሽ ከተንጠባጠበ ኩራት ነው፣ ካስተካከለው ደግሞ "ምን ያስመስላል"።

ልጁም አላሳፈራቸውም። በ2017 በነጻ ዝውውር አርሰናል ገባ። ኮሚዩኒቲ ሺልዱ ላይ ተቀይሮ ገብቶ ቼልሲ ላይ በጭንቅላቱ አቻ አደረጋቸው፣ በመለያ ምት ዋንጫውን ወሰዱ። ትከሻው ሰፊ፣ ሩጫው እንደ ሲኖትራክ። ታንክ ነበር የሚሉት። የአርሰናል ደጋፊ እንደሆነ ተከላካይ ላይ ብዙ ትዕግሥት የለውም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ኳስ ማሻማት እንጂ መከላከል አይችልም ተባለ። እውነት ለመናገር እኔም ብያለሁ።

ሐምሌ 2019 ላይ ግን አፋችንን ዘጋ። ሰሜን ለንደን፣ ከቡድን ጓደኛው ከኦዚል ጋር መኪና ውስጥ ናቸው። የራስ ቁር ያጠለቁ ሁለት ሰዎች በሞተር መጥተው ጩቤ አወጡ። ቪዲዮውን ያላየ ካለ ይይ። ሰውየው ከመኪናው ዘሎ ወረደ። ቲሸርት ለብሷል፣ እጁ ላይ ምንም የለም። ጩቤ የያዘውን ሰው ፊት ለፊት ገጠመው፣ ቡጢውን ጨብጦ፣ አንድ እርምጃ ሳያፈገፍግ። ጎረቤቴ ይሄን ቪዲዮ ስልኩ ላይ ለብቻው አስቀምጦታል፣ የልጁ የልደት ቪዲዮ አጠገብ። "መከላከል አይችልም ያሉት የታሉ?" አለኝ። ዝም አልኩ።

ከዚያ ወደ ሻልከ በውሰት ተመለሰ፣ ሻልከ ወረደ። ማርሴይ ሄደ። ከዚያ አታላንታ፣ በ2024 ደብሊን ላይ ሌቨርኩዘንን 3 ለ 0 አሸንፈው ዩሮፓ ሊግን በሉ። በ2025 ጉልበቱን ክፉኛ ተጎዳ። የተከላካይ ኑሮ እንዲህ ነው፣ የአጥቂ ያህል ተረት የለውም።

ይሄኔ ልጄ ስልኩን አስቀመጠና ጠየቀ። "ጀርመን ተወልዶ ለቦስኒያ መጫወት ይቻላል?"

"ይኸው" አለው ጎረቤቴ። "አንተም ለኢትዮጵያ ትጫወታለህ።"

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ።

ምን ልበል? ቴዎዶር ገብረ ሥላሴን አነሳሁለት። አባቱ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቱ ቼክ፣ የቀኝ መስመር ተከላካይ፣ ከሃምሳ ጊዜ በላይ ለቼክ ተሰልፏል፣ እዚሁ ጀርመን ለብሬመን ዘጠኝ ዓመት ተጫውቷል። የሻልከውና የብሬመኑ ልጅ ለዓመታት በአንድ ሊግ ነበሩ፣ በ2021 ሁለቱም ክለቦች አብረው ወረዱ። "እሱ ግን ለቼክ ነው" አለ ልጄ። አዎ። ከስዊድን የመጣውን ዋሊድ አታን ጠቀስኩ፣ ለዋልያዎቹ ተሰልፏል፣ እሱም ተከላካይ ነው። "ታዲያ እኔስ?"

እዚህ ላይ ነው ቡናው የመረረኝ። የኛ ሕግ ሁለት ዜግነት አያውቅም። የሌላ አገር ፓስፖርት ከያዝክ ያንተ አለቀ። ጀርመን እንኳ፣ በወረቀት ጉዳይ እንደ ድንጋይ የምትደርቀው ጀርመን፣ በ2024 ሰኔ ሁለቱንም ያዙ ብላ ፈቅዳለች። ለኛ የተሰጠን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። ያለ ቪዛ ትገባለህ፣ ቤት ትገዛለህ፣ ትነግዳለህ። አትመርጥም። ማሊያም የለም።

ባለፈው ክረምት አገር ቤት አንድ ቢሮ የእናቴን ቤት ካርታ ጉዳይ ይዤ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ልጅቷ ወረቀቴን አገላብጣ "እርስዎ የውጭ ዜጋ ነዎት፣ መስኮት ሰባት" አለችኝ። መስኮት ሰባት ሰው የለም፣ ሻይ ላይ ነው። ሲመጣ "ይሄ የዜጋ ጉዳይ ነው፣ መስኮት ሦስት" አለኝ። እኔ እንግዲህ እዚያው ሰፈር የተከተብኩ፣ እዚያው ቀበሌ ስኳር የተሰለፍኩ ሰው ነኝ። መስኮት ሦስት ስመለስ ልጅቷ ቀና ሳትል "አባት፣ ለመንገዱ ማሠሪያ ዳያስፖራ እየተባበረ ነው፣ በዶላር ቢሆን ጥሩ ነው" አለች። ስትጠይቀኝ የአገር ልጅ ሆንኩ። ካርታው እስካሁን አላለቀም። ወንድሜን በየሳምንቱ እደውልለታለሁ፣ ሲስተም የለም ይለኛል። ሲስተም አለ ያለኝ ቀን ሰውየው ስብሰባ ነው።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ልጁ።

"እኔ ዜጋ አይደለሁም" አልኩት። "መታወቂያ ብቻ ነው ያለኝ።"

"ምን መታወቂያ?"

"ቢጫ ካርድ ይባላል።"

ጎረቤቴ ቡናው ትን አለው። 2013 ላይ ተጫዋቻችን ምንያህል በሁለት ቢጫ ታግዶ ሳለ ቦትስዋና ላይ ተሰልፎ ሦስት ነጥብ እንደተቀማን ልነግረው ፈልጌ ነበር፣ ግን እያሳለ ነው። ልጄ አልሳቀም።

"ምን አጥፍተህ ነው?"

ቤት ገባን። ሊያያት ፈለገ። ከመሳቢያ ከፓስፖርቱ ሥር አወጣሁለት። ገልብጦ አያት፣ ፎቶዬን አየ። ከዚያ ሳሎኑ መሀል ቆመ፣ ሁለት እርምጃ ወደኔ መጣና ክንዱን ቀጥ አድርጎ አነሳብኝ።