ቡናው ከይርጋጨፌ፣ ሲኒው ከቻይና

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የአንድ ሐበሻ ሱቅ ሒሳብ እሠራለሁ። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጥሬ ቡና፣ ረከቦት፣ ሲኒ ይሸጣሉ። ያቺ ጥለት ያለባት ሲኒ፣ ፈረንጅ ጎረቤት ቡና ስንጋብዝ "ባህላችን ነው" እያልን የምንኮራባት፣ የቻይና ናት። እኔም ደረሰኙን እስካይ ድረስ አላውቅም ነበር።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2025 ላይ ትራምፕ ቀረጥ ሲጥሉ የጋሼ የ8,000 ዶላር ሲኒ ተዘጋጅቶ መርከብ ይጠብቅ ነበር። በቻይና ዕቃ ላይ የተጨመረው ቀረጥ በቀናት ውስጥ 145 በመቶ ደረሰ። ካልኩሌተሩን አዞርኩላቸው፤ 11,600 ዶላር ይላል። ቀረጡ ከዕቃው በለጠ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ቡና ላይም 10 በመቶ ተጨመረ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው "ይሄ እኮ አገር ቤት ሆነ!" አሉ።

ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም ከዚያ 9 ወር በፊት አገር ቤት ነበርኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ለእናቴ ቤት ሴራሚክ ልገዛ መርካቶ ወርጃለሁ። ዕቃው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ልጁ ግን "ዛሬ መሸጥ የለም" አለኝ። ይሄ የምናየውስ? "የተሸጠ ነው።" ለማን? ዝም። ሲሰለቸው እውነቱን ነገረኝ፦ "ዛሬ በሸጥኩበት ብር ነገ መልሼ አልገዛውም።"

ያን ቀን ሰድቤው ወጣሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ሒሳቡ ትክክል ነው። የመርካቶ ነጋዴ እንዲህ ያለ ነገር በየጊዜው ያያል፤ አንዴ የውጭ ምንዛሪ የለም ይባላል፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ 38 ዓይነት ዕቃ እንዳይገባ ተከለከለ፣ መልሶ ተፈቀደ። በዚህ ሁሉ መሀል ሳይከስር የኖረ ሰው ንግድ አያውቅም አይባልም። የሚያስቸግረኝ አንዲት ዘዴ ብቻ መያዙ ነው፤ ዕቃ መያዝ። ዕቃውን ያዘ፣ እኔ ግን ሄድኩ። ሌላ ሱቅ ግማሹን ቀብድ ተቀብሎ ዋጋውን ቆረጠልኝ፣ ከዚያ ወዲህ እናቴ ለቧንቧም ለቀለምም እዚያ ነው የምትሄደው።

ጋሼስ? መጀመሪያ ሁለት ሌሊት አልተኙም። በሦስተኛው ቀን ፋብሪካው ጋ ደውለው "እንዳትጭኑ" አሉ። ከዚያ ለዓመታት ሰላም የማይባባሏቸውን ሁለት የሐበሻ ሱቅ ባለቤቶች ቡና ጠሯቸው (የቱ ሲኒ እንደቀረበ አልጠየቅኩም)። ከእንግዲህ አብረን እናዝዝ፣ አብረን እንጫን ተባባሉ። ካሸሩ ጋ ወረቀት ለጠፉ፦ "ዋጋ የጨመርነው በቀረጡ ምክንያት ነው፣ ሲቀንስ እንቀንሳለን።" በሜይ ቀረጡ ወደ 30 በመቶ ወረደ፣ ዕቃውም ገባ፣ ጋሼም ቀነሱ። አንድ ዶላር። ቢሆንም ቀነሱ። ኅዳር ላይ የቡናው ቀረጥ ሲነሳ ደግሞ ደንበኞች ራሳቸው ወረቀቷን እያሳዩ ይጠይቋቸው ጀመር።

ትልልቆቹ ከዚህ ይሻላሉ ብላችሁ እንዳታስቡ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲሠራ ትልቁ ተስፋ አጎዋ ነበር፤ አሜሪካ ያለ ቀረጥ መግባት። በጦርነቱ ምክንያት ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ተሰረዘች። ፒቪኤች የሚባለው ትልቁ የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ያችን ቀን እንኳ አልጠበቀም፣ ቀድሞ ፋብሪካውን ዘጋ። ጥፋቱን ፖለቲከኛ ላይ ብቻ መለጠፍ ይቀላል። ነገር ግን አዲስ አበባ የቱርክና የቻይና ሸሚዝ ሲለብስ ሐዋሳ የሚሰፋው ሸሚዝ ለሌላ አገር ሰው ነበር። አንድ ገዢ፣ አንድ ሕግ። ሕጉ ሲነሳ የፋብሪካው ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቀያቸው።

ጋሼ አሁን የቻይናው ብቻ አይበቃኝም ብለው አገር ቤት የሚሠራ ሲኒ እያፈላለጉ ነው። ናሙና መጥቶላቸው ነበር፤ ስድስት ሲኒ። መልኩ ያምራል። ጠረጴዛ ላይ ሲደረድሯቸው አንዱ ከአንዱ በቁመት ይበላለጣል፣ ሁለቱ ከማስቀመጫቸው ጋር አይገጥሙም። እሱን ታገሱት፣ "የእጅ ሥራ ነው ብለን እንሸጠዋለን" አሉ። 500 ደርዘን ቢሆን ዋጋው ስንት ነው፣ ለሦስት ወር ትቆርጥልኛለህ ወይ ብለው ለሠሪው ልጅ ጻፉ።

መልሱ በማግስቱ መጣ፦ "ጋሼ፣ እሱ እንደ ዶላሩ ነው።"

መነጽራቸውን አድርገው ደግመው አነበቡት። "ይሄ ልጅ ሊሸጥልኝ ነው ወይስ ሊያስለምነኝ?" አሉና ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ። ምን ብዬ እንደምመልስለት እስካሁን እያሰብኩ ነው።