ልጁ ሲያለቅስ ዝም ያሰኘነው እኛ ነን

የጎንደር ሰዎች፣ ጎረቤቶቼ፤ በአዘዞ በኩል በምንኖርበት ሰፈር የአንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ቀኝ እጅ ከክርኑ በላይ ተቆርጧል። ልጁ ከሐኪም ቤት ሲመለስ ልንጠይቅ ሄደን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ቆሎው ዞሮ፣ ሰዉ ሁሉ «እግዚአብሔር ያበርታሽ» ካለ በኋላ፣ ከመካከላችን በዕድሜም በአንደበትም የሚከበሩ አንድ ሰው ወደ እናቱ ዞር ብለው «ሐኪም ቤት ባትወስጂው ኖሮ እጁ ይተርፍ ነበር» አሏት። እሷም አንገቷን ደፋች። ከተቀመጥነው መካከል «ኧረ እንደሱ አይደለም» ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ ይልቁንም ሁለት ሦስት ሰዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ «እነሱ እኮ መቁረጥ ነው የሚያውቁት» ሲሉ አጀቧቸው። ስብራቱን ይቅር እላለሁ፤ ልጅ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ይወድቃልም። ያችን ንግግር ግን ይቅር ማለት አልቻልኩም፤ ያ እጅ እንዴት እንደሞተ ሁላችንም ከመነሻው ጀምሮ እያየን ነበርና።

ያየነውን ላስታውሳችሁ። ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ልጁ ዋንዛ ሊለቅም ከወጣበት ቅርንጫፍ ተንሸራትቶ እጁን እንደዘረጋ መሬት ላይ አረፈ። የክንዱ ሁለት አጥንቶች ተሰብረው ክንዱ ጎበጠ፤ ቆዳው ግን አልተቀደደም፣ ደምም አልፈሰሰም። እንዲህ ያለው ስብራት በሚሮጡና በሚዘሉ ልጆች ላይ ዘወትር የሚደርስ፣ በጊዜ ከታከመም በደንብ ከሚድኑት አንዱ ነው። አባቱ ለእርሻ ሥራ ወደ መተማ ወርዶ ስለነበር እናቱ ብቻዋን ናት። ልጇን ይዛ ወደ አስፋልቱ ስትወጣ እኛ ጎረቤቶቿ መንገድ ላይ አስቆምናት። ሆስፒታሉ በታክሲ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። «ለዚህች ብለሽ ነው እንዴ? ካርድ፣ ራጅ፣ መድኃኒት እያሉ ገንዘብሽን ይጨርሱብሻል፤ ወጌሻው እዚሁ እያለልሽ!» አልናት። ተመለሰች።

ወጌሻው ክንዱን በቅቤ አሸው፤ ከዚያም ጎትቶ አቃናው፤ ይህን ያደረገው፣ እውነቱን ለመናገር፣ በለመደ እጅ ነበር። ቀጥሎ የተሰነጠቀ ሸምበቆ በክንዱ ዙሪያ ደረደረና ከአሮጌ ነጠላ በተቀደደ ጨርቅ ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ ጠምጥሞ ጥብቅ አድርጎ አሰረው። «ሁለት ሳምንት እንዳይነካ፤ ከተፈታ አጥንቱ ይስታል» ብሎ ሄደ።

ያን ሌሊት ልጁ ጮኸ። የቤቶቻችን ግድግዳ ጭቃ፣ ጣሪያቸውም ቆርቆሮ ስለሆነ በአንዱ ቤት የሚለቀሰው በሌላው ይሰማል። «እማዬ ፍቺልኝ፣ እማዬ ፍቺልኝ» ይል ነበር። እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ልናየው ገባን። ከጨርቁ ጫፍ ወጥተው የሚታዩት ጣቶቹ አብጠው ተወጥረዋል፤ ሲነኳቸው ይቀዘቅዛሉ፤ እናቱ ጫፋቸውን ይዛ ቀስ አድርጋ ልትዘረጋቸው ስትሞክር ልጁ ከመደቡ ዘሎ ሊነሣ ደረሰ። እኛስ ምን አልነው? «አይዞህ ጀግናው፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም» አልነው። አንዱ አሥር ብር ሰጠው። ሌላው የአባቱን ስም ጠርቶ «የእሱ ልጅ ነህ እኮ!» አለው። ልጁም አባቱን ላለማሳፈር ከንፈሩን ነክሶ ሕመሙን ዋጠው። እኛ ደግሞ ወጥተን በየቡናችን ላይ «ሌሊቱን አላስተኛንም» እያልን አወራን።

ሰኞ ማታ ጩኸቱ ቆመ። ሰፈሩ እፎይ አለ፤ «ተመስገን፣ ማሰሪያው ያዘለት» ተባለ። እናቱም እንቅልፍ ወሰዳት። ልጁ ዝም ያለው ግን ድኖ አልነበረም፤ ሕመሙን የሚያደርሱት ነርቮች ሞተው ነው። ረቡዕ ዕለት ጣቶቹ ውሃ ቋጥረው ጫፋቸው ጠቆረ፤ ሽታም መጣ። አንዳንዶቻችን «የሰው ዓይን ነው» አልን። ሐሙስ ወደ ጠበል ይዛው ሄደች፤ የጠበሉ ቄስ ግን ጣቶቹን አይተው «ልጄ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው፤ እግዚአብሔር እዚያም አለ» አሏት። በዚያ ሁሉ ቀን እውነቱን የነገራት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ከእኛ መካከል ዲግሪውን አስጠርዞ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ጎረቤት እንዳለ ግን ልብ በሉ።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ጨርቁ በመቀስ ሲቀደድ ሸምበቆው ክንዱ ውስጥ ቦይ አበጅቶ ገብቶ ነበር። እናቱ የሐኪሙን ጋውን ይዛ «ማሰሪያውን ብቻ ፍቱልኝ፣ ሌላው ይቅርብኝ» ብላ ለመነችው። ወጣቱ ሐኪም አጠገቧ ቁጭ ብሎ «እናቴ፣ እጁ ከሞተ ቀናት አልፈዋል፤ አሁን የምናድነው ልጁን ነው» አላት። የሞተ ሥጋ በቆየ ቁጥር መርዙ ወደ ደም እየገባ ኩላሊትንም ልብንም እንደሚጎዳ፣ እጁ ተቆርጦ ካልወጣ ልጁም እንደማይተርፍ አስረዳት። እሷም ፈረመች።

ወገኖቼ፣ በዚያ ማሰሪያ ውስጥ የሆነው ነገር ምሥጢር የለውም። አጥንት ሲሰበር በዙሪያው ያለው ሥጋ ያብጣል፤ እብጠቱ የሚበረታው ደግሞ በዚያው ሰዓት ሳይሆን በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ቀናት ነው። የክንድ ጡንቻዎች በማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን የተጠቀለሉ ናቸው፤ በዚያ ላይ ሌላ የማይለጠጥ ማሰሪያ ሲጨመር እብጠቱ መሄጃ አጥቶ ወደ ውስጥ ይጫናል። በጤነኛ ጡንቻ ውስጥ ያለው ግፊት፣ የደም ግፊት በሚለካበት በዚያው መለኪያ፣ ከ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እምብዛም አያልፍም፤ ወደ 30 ሲጠጋ ደቃቅ የደም ሥሮች ይታፈናሉ፤ ደም ያጣ ጡንቻ ደግሞ የሚታገሠው 6 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጉዳቱ የማይመለስ ይሆናል። ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን ጠባብ ማሰሪያ ደም እየከለከለ እጅን እንዴት እንደሚያኮማትር የጻፈው በ1881 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዓድዋ ድል 15 ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ይህን ያህል ዘመን የታወቀ ነገር አዘዞ ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈልግ እኔ አላውቅም።

ከምልክቶቹ ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ሕመም ነው። ስብራቱ ከተቃና በኋላ ሊቀንስ ሲገባው እየባሰ የሚሄድ፣ ጣቶቹን ሲዘረጓቸው የሚያስጮኽ ሕመም ማለት ነው። የአጥንት ሐኪም ይህን ሲሰማ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ይመጣል፤ ጣቱ እስኪቀዘቅዝ ወይም እስኪጠቁር አይጠብቅም፤ ያ ሲመጣ ጊዜው እያለቀ መሆኑን ያውቃልና። ልጁ ያለ ራጅ፣ ያለ መሣሪያ፣ በገዛ አንደበቱ ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ምልክት ሲነግረን ነበር። መድኃኒቱንም ጭምር ነግሮናል፦ «ፍቺልኝ» ነው ያለው። እኛ ግን አሥር ብር ሰጥተን ዝም አሰኘነው።

ቅዳሜውኑ ሆስፒታል ቢደርስስ? ራጅ ይነሣል፤ ማደንዘዣ ተሰጥቶት አጥንቱ በእጅ ተስቦ ይቃናል፤ በጀሶ ይያዛል፤ እብጠቱ ቦታ እንዲያገኝ ጀሶው ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል፤ እጁ ትራስ ላይ ከፍ ብሎ እንዲያርፍ ይደረግና ጣቶቹ በየጊዜው ይታያሉ። ነገሩ በደህና ከሄደ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ጀሶው ይወጣ ነበር። በጀሶ ብቻ አልይዝ ያለ አጥንት ካለም በቀጭን ብረት ይደገፋል። ግፊቱ ከፍ ቢል እንኳ ሐኪሙ ቆዳውንና የጡንቻውን ሽፋን በርዝመቱ ከፍቶ ጡንቻው እንዲተነፍስ ያደርጋል፤ ቁስሉ ሲያዩት ያስፈራል፤ በሰዓቱ ከተደረሰበት ግን እጁ ይተርፋል። ሐኪሞች መቁረጥ ብቻ የሚያውቁ የሚመስላችሁ፣ ይዛችሁላቸው የምትሄዱት የሞተውን ብቻ ስለሆነ ነው።

የተቆረጠ እጅም ነገሩ በመቁረጥ አያበቃም። በልጅነት የተቆረጠ አጥንት፣ በተለይም የላይኛው የክንድ አጥንት፣ ጫፉ እያደገና እየሾለ ሄዶ ቆዳውን ሊወጋ ይችላል፤ በዚህም የተነሣ ልጁ አድጎ እስኪጨርስ ድረስ ደጋግሞ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልገው ይችላል። ከተማችን የአካል ተሐድሶ ማዕከል አላት፤ ይህ መታደል ነው፤ ነገር ግን ለሚያድግ ልጅ የተሠራ እጅ በየጊዜው ይጠብበታል፣ እንደገናም መሠራት አለበት። ልጁ አሁን በግራው መጻፍ እየተለማመደ ነው። ደብተሩን የሚይዝበት ሌላ እጅ ስለሌለው እንዳይንሸራተትበት የእናቱን የቡና ዘነዘና ጠርዙ ላይ ያስቀምጥበታል። «ለ»ን ሲጽፍ እግሮቿ ወደ ጎን ይሄዱበታል፤ ያጠፋና እንደገና ይጽፋል። ይህን አይቼ ከቤታቸው ስወጣ በማን ላይ መቆጣት እንዳለብኝ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ አሁን ግን ግራ አልገባኝም።

ወጌሻውን ርገሙት አልላችሁም። የወጌሻ ሙያ የሚናቅ ሙያ አይደለም። በዌልስ አንግልሲ ደሴት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ በመጣ የወጌሻ ቤተሰብ የተወለደው ኢቫን ቶማስ ልጆቹን ዘመናዊ ሕክምና አስተምሮ ነበር፤ ከነዚያ ልጆች አንዱ የሆነው ሂው ኦወን ቶማስ (1834–1891 እ.ኤ.አ.) የፈለሰፈው የእግር መደገፊያ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጭናቸውን የተመቱ ብዙ ወታደሮችን ከሞት ያተረፈ ሲሆን ዛሬም በስሙ ይጠራል። የእኛን ወጌሻስ ማን አስተማረው? በ2005 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያዊ ሐኪም ባሳተመው ጥናት፣ ለወጌሾች አጭር ትምህርት ከተሰጠ በኋላ በማሰሪያ ምክንያት የሚቆረጠው ሰው መቀነሱ ታይቷል። ስለዚህ መንገዱ አለ። እኛ ግን ወጌሻውን እጁን ስመን እንሸኘዋለን እንጂ «ጣቱ ካበጠ ተመልሰህ ፍታው» አንለውም።

እናንተም የሐኪም ቤት ሰዎች ከዚህ ተግሣጽ አታመልጡም። «ራጁ ተበላሽቷል፣ ነገ ተመለሱ» የተባለች እናት ነገ የምትመለሰው ወደ እናንተ ሳይሆን ወደ ወጌሻው ነው። «ለምን ወጌሻ ጋ ወሰድሽው?» ብሎ በሰው ፊት የሚጮኽባት ባለሙያም ቀጥሎ የሚመጣውን ልጅ ከደጁ እያባረረ መሆኑን ይወቅ። መንገድ ተዘግቶበት ከጃናሞራ ወይም ከበለሳ ልጁን ማውጣት ያቃተውን አባት ግን አልወቅሰውም፤ የእሱ ጉዳይ ሌላ ነው። እኛ ታክሲ ደጃችን ድረስ የሚመጣልን ሰዎች ነን።

በወጌሻ ያሳሰራችሁ ሁሉ ይህን ያዙልኝ፦ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ ከጨመረ፣ ጣት ካበጠ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም አልንቀሳቀስ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ማሰሪያውን እስከ ቆዳው ድረስ ቀዳችሁ ፍቱትና ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። የታሰረው በጀሶ ከሆነም ሳትውሉ ሳታድሩ ወዳሰረው ሆስፒታል ተመለሱ፤ የጠበበ ጀሶም ከጠበበ ሸምበቆ አይሻልም። «አጥንቱ ይስታል» ብላችሁ አትፍሩ። የሳተ አጥንት እንደገና ይቃናል፤ የሞተ ጡንቻ ግን አይነሣም።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ፣ ወር እንኳ ሳይቆይ፣ ከዚያው ሰፈር አንዲት ልጅ ወድቃ ክንዷን ተሰበረች፤ የተወሰደችውም ወደዚያው ወጌሻ ነው። ስሰማ ደሜ ፈላ። ነገር ግን እናትየዋ ማታ ልጅቱ ማልቀስ ስትጀምር ማንንም ሳትጠይቅ ጨርቁን በምላጭ ቀደደችው፤ ሲነጋም ሆስፒታል ወሰደቻት። ጎረቤት «አላበዛሽውም?» ብሏታል፤ እሷም «ያንን ልጅ አይቻለሁ» ብላ መለሰች። ልጅቱ ጀሶዋን አስፈትታ ገመድ እየዘለለች ነው። ለዚህች አንዲት እናት መማሪያ የሌላ እናት ልጅ እጅ መቆረጡን ሳስብ ደስታዬ ከግማሽ አያልፍም፤ ቢሆንም ደስ ብሎኛል።

የዕድራችን ዳኛ ይህን ጉዳይ በወሩ መጨረሻ ስብሰባ ላይ እንዲያነሡልኝ ጠይቄ፣ ወጌሻውና አንድ የአጥንት ሐኪም ጎን ለጎን ተቀምጠው እንዲያነጋግሩን ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ሰብሳቢው «ጥሩ ነው፤ ከድንኳኑ ጥገናና ከጠፉት ወንበሮች ጉዳይ ቀጥሎ ይታያል» ብለውኛል። እንግዲህ እጠብቃለሁ፤ እናንተም በየዕድራችሁ ጠይቁ፣ ከተቻለም ከወንበሮቹ በፊት ይታይ።