ዳቦው በር ላይ ተንጠልጥሎ

በኮሮና ጊዜ በዙም መሰብሰቡ ምእመናንን አራራቀ ይላል ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ። እኔ በግማሹ ብቻ ነው የምስማማው።

ያኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበርኩ። የ2012 ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ። ቤተ ክርስቲያናችን ለምእመናን ዝግ ስለነበረች አምስቱ ልዑካን ብቻ ገብተው ቀደሱ። እኛ ሳሎን ውስጥ ጧፍ አብርተን በስልክ ተከታተልን። አባታችን «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲሉ መልሱ ከየቤቱ እየተንቀራፈፈ መጣ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ገና ይጀምራል። አንዲት እናት ደግሞ ማይካቸውን ሳይዘጉ ኖሯል፣ የዶሮ ወጡ ሽንኩርት ሲቁላላ ሁላችንም ሰማን። መነኩሴው ሳይቀሩ ሳቁ።

ቁርባን በስክሪን አይሆንም፤ እሱ ላይ ጸሐፊው ልክ ነው። የጽዋ ማኅበራችን ጽዋም ያው ነው፣ ከእጅ ወደ እጅ ካልዞረ ምኑን ጽዋ ሆነ? ግን ማኅበራችን አልፈረሰም። ተረኛው ዳቦውን ቆራርሶ በፌስታል በየበራችን ያንጠለጥልና ደውሎ ወደ መኪናው ይሮጣል። በመስኮት እጅ እንነሳዋለን።

ዙም ያልሆነላቸውን አዛውንቶች በተራ እንደውልላቸው ነበር። ለእኔ የደረሱኝ እማማ ታዲያ ጸሎቱን ቶሎ ጨርሰው «በል አሁን ወሬ አምጣ» ይሉኛል። ከዚያ በፊት ለሦስት ዓመት ያህል አንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ ስንሳለም ስማቸውን እንኳ አላውቅም ነበር። ዛሬም ማክሰኞ ማታ ካልደወልኩ ይቆጡኛል።