ዘጠኝ ለሦስት ነው፤ ያስጠናኝም ሰው የለም

አሁን ገና ቤት መግባቴ ነው። ነጠላዬን እንኳን ሳላጥፍ ነው ስልኬን ያነሳሁት። ካደረ ይበርድልኛል፤ እንዲበርድልኝ ደግሞ አልፈልግም።

ክርስትናው ላይ የነበራችሁ ሁሉ ሰምታችኋልና ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። የሌከርስን ቢጫ ማልያ ከኮቱ ሥር ለብሶ የመጣው ሰውዬ ነው። ነገሩ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ነው፤ ሌከርስ የሎስ አንጀለስ ቡድን ነው፣ የእኔ ደግሞ ቦስተን ሴልቲክስ። ክትፎውን እየጎረሰ «ሌከርስና ቦስተን በፍጻሜ ሲገናኙ ዋንጫው ሁልጊዜም የሌከርስ ነው» አለ። ሁልጊዜም! የአፌን ዋጥ አድርጌ፣ በጨዋ ድምፅ፣ «አይደለም፤ በፍጻሜ 12 ጊዜ ተገናኝተዋል፣ 9ኙን የወሰደው ቦስተን ነው» አልኩት። ዞሮ እንኳን አላየኝም። በእኔ ላይ አሻግሮ ባለቤቴን እያየ፣

«አንተ ነህ ይህን ሁሉ ያስጠናሃት?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሕፃኑ ሳይቀር ከእንቅልፉ ነቃ።

አስጠናኝ! ባለቤቴ እኮ በቅርጫት ኳስ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ ዛሬም ድረስ የሚጠይቀው እኔን ነው። ግን ምን አደረገ መሰላችሁ? ፈገግ አለ። «ኧረ እኔ ምኑንም አላውቀውም፣ እርሷን ጠይቃት» ማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ሰውየውን ነገ እረሳዋለሁ፤ ያቺን ፈገግታ ግን አልረሳትም።

ልንገራችሁ። ይህን ታሪክ የተማርኩት ቦስተን ውስጥ፣ ከሴልቲክስ አዳራሽ አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ አንድ ሰው ተቀምጦ ሁለተኛው መቆም በማይችልባት የመስታወት ዳስ ውስጥ ነው። የማታ ተረኛ ነበርኩ። ምሳዬን የጠቀለልኩበትን የአሉሚኒየም ወረቀት በሬዲዮኔ አንቴና ላይ እጠመጥመው ነበር፤ ያለዚያ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። ጁን 17 ቀን 2008 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቦስተን ሌከርስን 131 ለ 92 ሲያሸንፍ እዚያች ዳስ ውስጥ ነበርኩ። የ39 ነጥብ ልዩነት ነው፣ በፍጻሜ፣ ዋንጫ በሚነሳበት ሌሊት! ሾፌሮቹ እየወጡ በመስኮት እጃቸውን ዘርግተው እጄን ይመቱኝ ነበር። መዳፌ ቀልቶ ነው ያደረው።

ወርኃዊ ደንበኛ የነበሩ አንዲት ሸበቶ አሮጊት ነበሩ። ከጨዋታ በኋላ ወረፋው እስኪቃለል መኪናቸውን ከዳሴ አጠገብ ጥግ አስይዘው ያወሩኝ ነበር። የ1984ቱን ፍጻሜ አምስተኛ ጨዋታ ከእርሳቸው ነው የሰማሁት (ፍጻሜው እስከ ሰባት ጨዋታ ይዘልቃል፤ አራት ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል)። የድሮው አዳራሽ ማቀዝቀዣ አልነበረውም፤ ሙቀቱ 36 ዲግሪ ደርሶ ነበር። የሌከርሱ ካሪም አብዱል ጃባር ተቀምጦ ኦክስጅን ሲስብ፣ የእኛው ላሪ በርድ በዚያ ሙቀት 34 ነጥብ አስቆጠረ። አሮጊቷ ይህን ሲናገሩ በዚያ ሁሉ ዓመት ያስቀመጡትን የጨዋታ መጽሔት አውጥተው፣ ያን ቀን እንዴት እንዳራገቡበት በእጃቸው ያሳዩኝ ነበር። ጠርዙ ከላብ የተነሳ እንደ ቆሎ ከረጢት ተጨማድዷል። እንግዲህ ያስተማረኝ ሰው ካስፈለገ እርሳቸው ናቸው፤ ሴት ናቸው።

ወደ ሰውየው ልመለስ፤ ገና አልጨረስኩም።

ሳቁ ሲበርድ «እሺ፣ የ1960ዎቹ አይቆጠርም። ያኔ የነበረው ስምንት ቡድን ብቻ ነው» አለ፤ አሁንም ለባለቤቴ። ስምንት የነበረው በ1959 ነው፤ በ1969 አሥራ አራት ደርሷል። እሺ፣ እርሱንም ልተውለት። «ሌከርስ ስንት ዋንጫ አለው?» አልኩት። «17» አለ ደረቱን ነፍቶ። ይህን ነበር የምጠብቀው። «ከእነዚያ አምስቱ ከ1949 እስከ 1954 ባለው ጊዜ ሚኒያፖሊስ ውስጥ የተወሰዱ ናቸው። ሎስ አንጀለስ የመጡት በ1960 ነው። የ1949ኙን ዋንጫ ቆጥረህ የ1969ኙን ሽንፈት የማትቆጥረው በየትኛው ሒሳብ ነው?» አልኩት።

ዝም አለ። ሁሉም ዝም አለ። እኔም በሆዴ «ተመስገን» አልኩ። ሰውየው እጁን በወረቀት ጠረገ፣ ግራ ቀኝ አየና፣

«ቡናው አልደረሰም እንዴ?»

እኔን ነው የጠየቀው! ከገባሁ ጀምሮ አንዴም ሳያየኝ፣ ለቡና ሲሆን ዓይኔን አየኝ። ቡናውን የምታፈላው እኔ አይደለሁም፤ ቤቱም የእኔ አይደለም። ጥያቄዬ ግን እዚያው ሞተ። አንዷ «ነይ እስኪ ስኒውን አቀብዪኝ» አለችኝ፣ ተነሳሁ። ስኒ እያደረደርኩ ጆሮዬ እዚያው ነበር፤ ወሬው ወደ ቤት ኪራይ ዞሯል።

ይህ ነገር የኳስ ብቻ ቢሆን ባልተቃጠልኩ። ባለፈው ወር መኪናዬ ፍሬን ስይዝ ይጮሃል ብዬ ጋራዥ ወሰድኳት። «የፊት ግራ ጎማ ሸራው አልቋል» አልኩት፤ ስነዳት የምውል እኔ ነኝ። መካኒኩ «ባለቤትሽ ቢደውልልኝ ይሻላል» አለ። ባለቤቴ ደወለ፤ ምን ብሎ? እኔ የነገርኩትን ቃል በቃል። «ልክ ነህ፣ ሸራው ነው» አለው። ልክ ነህ! እንጀራ የምገዛበት ሱቅ ደግሞ የ2024ቱ ዋንጫ ሰሞን የቦስተንን አረንጓዴ ሻርፕ አድርጌ ብገባ ባለሱቁ «ቦስተን የልጅሽ ቡድን ነው?» አለኝ። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ኳስ ስትባል ትሸሻለች።

ደግሞ እኮ የሌከርስ ጠላት አይደለሁም! ይህን ማንም አይረዳልኝም። «የ1960ዎቹ አይቆጠርም» የሚል ሰው የሚሰርዘው የእኛን ደስታ ብቻ ሳይሆን የራሱን ቡድን ለቅሶ ነው። የሌከርሱ ኤልጂን ቤይለር በ1962 ፍጻሜ አምስተኛ ጨዋታ ላይ፣ ቦስተን ሜዳ ላይ፣ 61 ነጥብ አስቆጥሯል፤ በፍጻሜ ታሪክ እስከ ዛሬ ማንም አልደረሰበትም። ዋንጫውን ግን አላገኘም፤ ምክንያቱም በሰባተኛው ጨዋታ የቡድን ጓደኛው ፍራንክ ሰልቪ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል የወረወራት ኳስ የብረቱን ጠርዝ ነክታ ወጣች፣ በተጨማሪው ሰዓት ደግሞ ቦስተን 110 ለ 107 አሸነፈ። የእኛው ቢል ራስል በዚያ ጨዋታ 30 ነጥብ አስቆጥሮ 40 ኳስ ከቅርጫቱ ሥር ለቅሟል። አርባ!

የሌከርሱ ጄሪ ዌስትስ? በቦስተን ስድስት ጊዜ በፍጻሜ ተሸንፏል። በ1969 በሰባተኛው ጨዋታ የሌከርስ ባለቤት ለድል ቀን ብሎ በሺዎች የሚቆጠሩ ፊኛዎችን ከአዳራሹ ጣሪያ ሥር አሰቅሎ ነበር። ዌስት 42 ነጥብ አስቆጠረ። መጨረሻው ላይ የቦስተኑ ዶን ኔልሰን የወረወራት ኳስ ከብረቱ ነጥራ ወደ ላይ ወጣችና ቀጥ ብላ መሐል ገባች፤ 108 ለ 106፣ ፊኛዎቹ እዚያው ተሰቅለው ቀሩ። የፍጻሜው ኮከብ ተብሎ የተሸለመው ግን የተሸነፈው ዌስት ነው፤ ከተሸናፊ ቡድን ኮከብ የተባለ ከእርሱ በቀር እስከ ዛሬ የለም። እኔ የቦስተኗ ሴት ለዚያ ሰው አዝኜ አውቃለሁ። ቢጫ ማልያ የለበሰው ግን «አይቆጠርም» ይላል። ስሙንስ ያውቀዋል? እጠራጠራለሁ።

ስለ 2010 እንድታነሱብኝ አልፈልግም፤ ራሴው አነሳዋለሁ። ያው ጁን 17፣ ያው ዳስ፣ ያው ሬዲዮ። ሰባተኛው ጨዋታ ሎስ አንጀለስ ነበር። የእኛው ኬንድሪክ ፐርኪንስ ጉልበቱን በስድስተኛው ጨዋታ ተጎድቶ የለም። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በ13 ነጥብ መርተን ነበር፤ የሌከርሱ ኮቢ ብራያንት ከ24 ሙከራ ያገባው 6 ብቻ ነው፤ እንዲያም ሆኖ 83 ለ 79 ተሸነፍን። ሬዲዮውን አጥፍቼ የቀሩትን መኪናዎች ሳላወራ አሳለፍኩ። ያን ሌሊት ግን «ይህ አይቆጠርም» አላልኩም። ሌከርስ ካሸነፉን ከሦስቱ አንዱ ነው፤ 1985፣ 1987፣ 2010። ቆጥሬላቸዋለሁ፤ ዛሬም ስቆጥር ያመኛል።

እንግዲህ ልተወው። ለማን ልናገር? በሚቀጥለው ድግስ ላይ ያው ሰው ያው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ያንኑ ይናገራል። እኔ ግን ስኒ አላነሳም፤ ከአሁኑ እወቁልኝ።

ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ «አሁን ይህን ያህል ያናደደሽ ምኑ ነው?» እያለ ነው። ቁጭ በል አልኩት። ከ1959 ጀምሬ ልነግረው ነው።