«ክለቡም አብሮ ነው!»

ሰሞኑን ስልኩን የከፈተ ሁሉ አይቶታል። ፍሎሪዳ፣ ዘንባባ የተደረደረበት የሰፈር በር፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ የቤት ደላላ። ካሜራውን ከፏፏቴው ወደ ወጥ ቤቱ እብነ በረድ፣ ከእብነ በረዱ ወደ ጎልፍ ሜዳው ሲያንከራትት ይቆይና፣ መጨረሻ ላይ ምሥጢር እንደሚያካፍል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ክለቡም አብሮ ነው» ይላል፤ የሰፈሩን የጎልፍ ክለብ አባልነት ማለቱ ነው። ከሥሩ ጭብጨባው ይወርዳል፤ «እንኳን ደስ ያላችሁ!» «ለእኛም ያድርግልን!» «ዋጋ በውስጥ መስመር።»

እናጨብጭብ እንጂ። «አብሮ» የምትለዋን ቃል እንደዚህ ሰው ያከበራት የለም። የክለቡ መግቢያ ክፍያም አብሮ ነው። ወርሃዊ መዋጮውም አብሮ ነው። ያልተበላ ምግብ ሂሳብም አብሮ ነው። ቤቱን ሸጠው ሊገላገሉ ሲነሡም አብሮ ነው። ይህን ሁሉ እንዳይዘረዝር የከለከለው የቪዲዮው ማጠር ብቻ ነው።

ትልቁ ምስጋና ግን የሚገባው ለገዢው ነው። ጋሼ ፕላቲነም እንበላቸው። ሦስት ዓይነት አባልነት ቀረበላቸው። ሶሻል፣ ማለትም ምግብ ቤቱና ገንዳው። ስፖርት፣ ማለትም ቴኒስ፣ ፒክልቦልና ጂም፣ በሰመር ደግሞ ሰው ሲጠፋ ጥቂት ዙር ጎልፍ። ፉል ጎልፍ፣ ማለትም ሁሉም፣ የጠዋት መጫወቻ ሰዓት ከማስያዝ ቅድሚያ ጋር። ጋሼ ፕላቲነም ጎልፍ ያዩት በቴሌቪዥን ነው፤ ያውም ሪሞቱ የጠፋ ዕለት። ቢሆንም «ሶሻል» የሚል ካርድ ይዞ ሰው ፊት እንዴት ይቆማል? ፉል ጎልፍ ፈረሙ። ለጎልፍ ካርቱ ለብቻ እንደሚከፈል፣ የራሳቸውን ካርት ገዝተው ቢመጡ ደግሞ መንገዱን ስለረገጡበት በየዓመቱ እንደሚከፍሉ፣ በጂንስ ሱሪ መግባት እንደማይቻል በኋላ ደረሱበት።

ከሁሉ የሚደነቀው የጥያቄ ጾማቸው ነው። ሌላው ሰው ከሥጋና ከቅቤ ይጾማል፤ እሳቸው ከጥያቄ ጾሙ።

መጀመሪያ የጾሙት ጥያቄ ይህ ነው፤ አባልነቱ ከቤቱ ጋር የተጋባ ነው ወይስ የተዋወቀ? የተጋባ ከሆነ ግዴታው ካውንቲው ዘንድ በተመዘገበው የሰፈሩ ሰነድ ላይ ሰፍሯል፤ ቤቱን የገዛ ሁሉ አባል ይሆናል፣ ከክለቡ የሚወጣውም ቤቱን ሲሸጥ ነው። ካልተጋባ ዛሬ ትቶት ነገ ሊገባበት ይችላል፤ መግቢያው እስከ ነገ እዚያው ቦታ ከጠበቀው። በኔፕልስና በፎርት ማየርስ በኩል ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት አለ። የጎልፍ መብቱ ከእያንዳንዱ ቤት ጋር ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ወጪውም በሰፈሩ ማኅበር መዋጮ ውስጥ ይገባል። መግቢያው ቀለል ይላል፤ ግን መብቱ የሁሉም ስለሆነ ጃንዋሪ ላይ የጠዋት ሰዓት ማግኘት የፋሲካ ዋዜማ የዶሮ ተራን ያስንቃል።

ሁለተኛው፣ ክለቡ የማን ነው? ኢኩዊቲ ከሆነ የአባላቱ ነው። ድምፅ አላቸው፤ ጣሪያው ሲያፈስም የሚያፈሰው የእነሱ ጣሪያ ነው። ካልሆነ ባለቤቱ ገንቢው ወይም አንድ ኩባንያ ነው፤ አባሉ የያዘው የመጠቀም ፈቃድ ነው፣ መዋጮው ሲጨምር በኢሜይል ይነገረዋል። ጎልፍ ሜዳ ሣር ብቻ የሚመስለው ሰው ደግሞ ይህን ይስማ፤ የአሸዋ ጉድጓዶቹ አሸዋ በ5 እና በ7 ዓመት መካከል ይለወጣል፤ የውኃ ማጠጫው ቧንቧና የቀዳዳዎቹ ዙሪያ መሬትም ቢቆዩ ቢቆዩ 30 ዓመት ነው። ሥራው 6 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ እንበል፤ አባላቱ 300 ናቸው እንበል። መጠባበቂያ ካልተቀመጠ እያንዳንዱ ቤት 20,000 ዶላር ይደርሰዋል። ጋሼ ፕላቲነም የመጠባበቂያ ሂሳቡን ሊጠይቁ አስበው «ድህነት ይመስልብኛል» ብለው ተዉት። ክብር እንዲህ ነው።

ሦስተኛው የመውጫው ነገር ነው። «ከመግቢያ ክፍያው 80 በመቶው ተመላሽ ነው» ተባሉ፤ ተመላሽ የሚለውን ሰምተው መቼ የሚለውን ማለፋቸውም ያስመሰግናል። እኛ እቁብ እናውቃለን። ዳኛ አለው፣ ዋስ አለው፣ ዕጣው በየሳምንቱ ይወጣል፣ የመጨረሻው ሰው እንኳ ቀኑን ቆጥሮ ያውቃል። በክለቡ እቁብ ግን ዕጣ የሚወጣው አዲስ ሰው ሲገባ ብቻ ነው፤ ያውም በብዙ ቦታ ሦስት ወይም አራት አዲስ ገብቶ ነው ከክለቡ ለሚወጣ ለአንድ ሰው የሚከፈለው። በአንዳንዱ ክለብ ወረፋው እስኪደርስ መዋጮውም ይቀጥላል። ስለዚህ «ወረፋው ላይ ስንት ሰው አለ፣ አምና ስንቱ ተከፈለው?» ብሎ መጠየቅ ነበረባቸው። ሁለት ቁጥር ነው። ግን ሠርግ ላይ ስለ ፍቺ ማን ይጠይቃል?

ወደ ምግቡ እንሂድ፤ የምስጋናው እምብርት እዚያ ነው።

ፉድ ሚኒመም የሚባል ነገር አለ። በየሩብ ዓመቱ 500 ዶላር እንበል። የክለቡ ምግብ ቤት እንዳይከስር አባሉ ይህን ያህል መብላት አለበት፤ ካልበላም ይከፍላል፣ የተረፈው ወደሚቀጥለው ሩብ ዓመት አይሻገርም። ታክሱና የ20 በመቶው የአገልግሎት ክፍያ አይቆጠሩለትም፤ በአንዳንዱ ክለብ መጠጥም አይቆጠርም። ሂሳቡ የሚዘጋው ማርች 31፣ ጁን 30፣ ሴፕቴምበር 30 እና ዲሴምበር 31 ነው።

አሁን የእኛን ባሕረ ሐሳብ ከጎኑ ዘርጉት። ዲሴምበር 31 ነቢያት ነው። ማርች 31፣ ፋሲካ በየትኛውም ቀን ቢውል፣ ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ጁን 30ም እንዲሁ በየዓመቱ የሰኔ ጾም ነው። ከአራቱ የሂሳብ መዝጊያዎች ሦስቱ ጾም ላይ ይወድቃሉ፣ አንድም ዓመት ሳይሳሳቱ። ክለቡን የመሠረቱት ሰዎች ይህን አስበው ቢሆን ኖሮ ሊቃውንት ባልናቸው ነበር።

እንግዲህ ዲሴምበር 31 ምሽት፣ ጋሼ ፕላቲነም፣ ባለቤታቸውና ሁለት ልጆች፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ፣ ያልተነካ 500 ዶላር። ስቴኩ አይሆንም። ሽሪምፑ ላይ ትንሽ ክርክር ተነሣ፤ የአሣ ነገር ከቤት ቤት ይለያያል፣ በዚህ ቤት እትዬ አይበላም ብለው ዘግተውታል። ሾርባው ክሬም አለበት። ሰላጣው አይብ ተነስንሶበታል። ፓስታው እንቁላል ነው። ዳቦው እንኳ ከላይ ቅቤ ተቀብቶ ነው የመጣው። የቀረው ድንች ጥብስ ነው፣ በሰሃን 9 ዶላር። አስተናጋጁን «በምን ዘይት ነው?» ብለው ጠየቁት። ሄዶ ጠይቆ ተመለሰ፤ ዶሮው የሚጠበስበት ዘይት ነው። ወጥ ቤቱ በብዙ ልመና ሌላ መጥበሻ አወጣ።

500 ለ9 ሲካፈል 56 ሰሃን ይመጣል፤ ሃምሳ አምስቱ 495 ነው፣ አይደርስም። ሃምሳ ስድስት ሰሃን ድንች ታዘዘ። አራት ሰው በደንብ ቢጨክን ስምንት ሰሃን ይጨርሳል። የቀረው 48 በካርቶን ተሞልቶ መኪናው ኋላ ተጫነ። (የሚወሰድ ምግብ የማይቆጥር ክለብም ስላለ ይህ ራሱ የዕድለኞች ታሪክ ነው።) በማግስቱ ድንች ጥብስ በሚጥሚጣ። በሠልስቱ ድንች ፍርፍር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሰንበት ተማሪዎች፤ ልጆቹ ቀመሱና «ለስልሷል» ብለው መለሱት። የገና ዕለት ዶሮው ሲወጠወጥ ማቀዝቀዣው ውስጥ ሰባት ካርቶን ነበር። ሂሳቡስ? ድንቹ 504፣ አገልግሎቱ 100 ከ80፣ በድምሩ 604 ዶላር ከ80 ሳንቲም፤ ታክሱን ተዉት። ቤታቸው ሽሮ በልተው ቢተኙ ኖሮ 500 ነበር። ማለትም ያልበላ 500፣ የበላ 604። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መብላት ጀግንነት ካልተባለ ምን ይባላል?

ክርስትናውን በክለቡ አዳራሽ ለማብላት ያሰቡ ዕለት ደግሞ እንጀራው በር ላይ ቀረ። የውጭ ምግብ አይገባም። ጠጁማ ጭራሽ አይነሣም፤ ክለቡ የመጠጥ ፈቃድ ስላለው የውጭ መጠጥ ማስገባት ጣጣ ያመጣበታል። ልጅ ለመጠበቅ ከአገር ቤት የመጡት እማማስ? የቤተሰብ አባልነት ማለት በብዙ ክለብ ባል፣ ሚስትና ያላገቡ ወጣት ልጆች ናቸው። እማማ እንግዳ ናቸው። ገንዳው ዳር ነጠላቸውን አጣፍተው ሲቀመጡ ይመዘገባሉ፣ ይከፈልባቸዋል፣ አንድ እንግዳ በወር ስንቴ እንደሚመጣም ይቆጠራል። የልጅ ልጃቸውን እያዘሉ እንግዳ መሆን ያስቀናል።

ቀልዱ ትንሽ ይቆይ። ሌሊት የመኪና ማቆሚያ እየጠበቀ፣ ቀን ታክሲ እየነዳ አሥራ አምስት ዓመት ያጠራቀመ ሰው ፊት ተቀምጦ «ወረቀቱ ለሁሉም ያው ነው፣ ፈርም» የሚል ደላላ ሌባ ነው። ሌላ ስም አንፈልግለትም። በፍሎሪዳ ሕግ ምዕራፍ 720 መሠረት፣ አባልነቱ ግዴታ የሆነ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ባለበት ሰፈር የሚገዛ ሰው ከመፈረሙ በፊት ማሳወቂያ ሊሰጠው ይገባል። ካልተሰጠው፣ ወረቀቱ እጁ ከገባ በ3 ቀን ውስጥ፣ ክሎዚንጉ (የሽያጩ መፈጸሚያ ቀን) ሳይደርስ፣ በጽሑፍ አሳውቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ማሳወቂያው አጭር ነው፤ ለመዝናኛው ኪራይ ወይም ክፍያ ሊኖር እንደሚችል ይናገራል። እንግሊዝኛው ለሚከብዳት እናት ያን ወረቀት በአምስት ደቂቃ መተርጎም ይቻል ነበር። ሰነዱ የሚፈቅድ ከሆነ ያልተከፈለ መዋጮ ቤቱን በዕዳ እስከ ማሸጥ ይደርሳል። ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ በፓልም ቢች ካውንቲ፣ አባልነት ግዴታ በሆነባቸው ሰፈሮች፣ ወራሾች ከመዋጮው ለመዳን ብቻ የወላጆቻቸውን ቤት ከመኪና ባነሰ ዋጋ አውጥተዋል። እነዚያ ወላጆችም «አብሮ ነው» ተብለው ነበር።

«እኔ እንኳ ለቢዝነስ ነው የገባሁት፣ ከታክስ ይቀነሳል» የሚሉትን ረስተናቸው አይደለም። የክለብ መዋጮ ከ1994 ጀምሮ ከፌዴራል ታክስ አይቀነስም። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ወሬ ይዞ መገኘትም ጽናት ነው።

ጋሼ ፕላቲነምን አንድ ተስፋ ይዟቸዋል፤ ሴፕቴምበር 30። መስቀል ካለፈ ሦስተኛው ቀን፣ ጾም የለም፣ 500ውን በስቴክ ድል የሚያደርጉባት ብቸኛዋ የሂሳብ መዝጊያ። እርግጥ ሴፕቴምበር የፍሎሪዳ ሙቀት ነው፣ የክረምት ነዋሪዎቹ ወደ ሰሜን ሄደዋል፣ ብዙ ክለቦችም ሰዓት ይቀንሳሉ፣ አንዳንዶቹ ወጥ ቤቱን ለጥገና ይዘጉታል። የእሳቸው ክለብ አልዘጋም እንበል። ጠረጴዛም አስይዘዋል፣ ለ2026 ሴፕቴምበር 30።

ረቡዕ ይውላል።