እርማት፦ ከሜዳ ውጪ የተቆጠረ ጎል በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ብልጫ የለውም

የድሬ ልጆች፣ ስለ ቡድኖቻችሁ የማለፍ ዕድል የምታደርጉትን ክርክር በደስታ እከታተላለሁ። አንድ ስሕተት ግን ከከዚራ እስከ ሳቢያን እየተደጋገመ ነው፦ «የደርሶ መልስ ውጤቱ እኩል ከሆነ፣ ከሜዳው ውጪ ብዙ ያገባ ያልፋል።»

በአውሮፓ ይህ ቀርቷል። የአውሮፓ እግር ኳስ የበላይ አካል የሆነው ዩኤፋ ደንቡን የሰረዘው በሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው። አሁን ድምሩ እኩል ሲሆን 30 ደቂቃ ይጨመራል፤ ካልተሸናነፉ ፍጹም ቅጣት ምት ይመታሉ። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ሪያል ማድሪድና ማንችስተር ሲቲ በማድሪድ 3 ለ 3፣ በማንችስተር 1 ለ 1 ተለያዩ። በድሮው ደንብ ቢሆን ሲቲ አልፎ ነበር። ያለፈው ግን ማድሪድ ነው፤ በመለያ ምት 4 ለ 3።

ግራ መጋባቱ ይገባኛል፤ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ደንቡ በ2017 ዓ.ም.ም ሠርቷል። ማሜሎዲ ሰንዳውንስ በሜዳው 0 ለ 0 ወጥቶ፣ ካይሮ ላይ 1 ለ 1 በመለያየቱ አል አህሊን ጥሎ ለፍጻሜ ደረሰ።

ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነገር አይደለም፤ «አልፈናል» ብሎ በዚህ ስሌት ገንዘቡን ለውርርድ የሚያስይዝ ወጣት አለ፣ ያሳዝነኛል። እባካችሁ፣ ከመከራከራችሁ በፊት የውድድሩን ደንብ ከዩኤፋ ወይም ከአፍሪካው አቻው ከካፍ ድረ ገጽ አውጥታችሁ፣ ስለ እኩል ድምር ውጤት የሚናገረውን አንቀጽ አንብቡ።